የተሠራበት አገር

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ መጋዘን በር
ሲገባ ስመዘግብ፣ ሲወጣ ስቆጥር፤
ቅጹ አንድ ዓምድ አለው ከዋጋው ቀጥሎ፣
«የተሠራበት አገር» ተብሎ፣ በጠባብ ተስሎ።
እዚያች ጠባብ ላይ ነው ዓለምን ያዞርኩት፦
ጀርመን ብዬ ጻፍኩ፣ ቻይናን ደገምኩት፣
ጃፓንን፣ ኮሪያን፣ በሰማያዊ ቀለም፤
በብዕሬ ያልረገጥኩት አገር የለም።

በመስኮቴ በኩል ሲታይ ጋራው ዞሮ፣
ክንፋም ምሰሶ አለ ተራ ተሰድሮ፤
ምሰሶው በመርከብ፣ ክንፉም በመርከብ ነው
ጅቡቲን አቋርጦ አዳማ የደረሰው።
ነፋሱ ግን ያው ነው፣ የድሮው ነፋሳችን፣
አቧራ የሚሞላው ከዓይን እስከ ጥርሳችን፤
ለእሱ ሞዴል የለኝ፣ ለእሱ ቁጥር የለኝ፣
በማን ፊርማ ገባ ብሎ ኦዲተር አልጠየቀኝ።

ጥርስ ካነሳሁ አይቀር፦
ዶክተር ሶሬቲ ሂርጳ ወንጂ ነው ያደገች፣
ስትስቅ በመዳፏ አፏን ትሸፍናለች።
የጉድጓዱ ውኃ ገና በልጅነት
ቡናማ ማኅተም ጥርሷ ላይ መታባት፤
የአባቷን አንገት ግን ያው ውኃ ቆልፎታል፣
ሲጠሩት እንደ በር መላ አካሉ ይዞራል።

«አንዲት ዘንግ» አለች፣ «ከጣት የማትረዝም፣
ፍሎራይድ የምትለካ፣ ዋጋዋም አያስደነግጥም።»
ደብዳቤው ከግዢ በጀት፣ ከበጀት ባንክ ሄደ፤
ባንክ ወረፋ ያዘ፤ ወረፋው ወለደ።
«ዶላሩ ተፈቅዷል» ሲባል ሰኔ ሠላሳ ሆነ፣
ሒሳቡ ተዘጋ፣ ገንዘቡም በነነ።
ሐምሌ አንድ ቀን ደግሞ ያው ደብዳቤ፣ በአዲስ ቁጥር፤
እንዲህ እያልን ሦስት ሰኔ ስንቆጥር።

ሬዲዮኔ ያወራል፦ እገሌ አገር ዘንድሮ
ይህን ያህል ቢሊዮን ለምርምር ቋጥሮ፣
ጎረቤቱ ደግሞ እጥፉን መድቦ፣
ለሚያስብ ማሽን፣ ለባትሪ፣ ለጨረቃ አስቦ፤
«ሩጫ ነው» ይላል፣ «የዓለም ሩጫ!»
እኔም እመልሳለሁ ከካርቶኑ መሀል፦
ሯጩማ መች ጠፋ፤
ጫማው ነው እንጂ ጉምሩክ ላይ የተኛው።

ባለፈው ክረምት አንድ መጽሔት አሳየችኝ፤
እሷ በእርሳስ የነደፈችው ማጣሪያ
ባለ ቀለም ሆኖ፣ በሰው ስም ተጽፎ፣
የፈጠራ መብቱም በሰው አገር ታቅፎ።
አላለቀሰችም። መዳፏን ከአፏ አነሳች።
«ሰርቀው አይደለም» አለች፣ «ደርሰውበት ነው።
እኛም ደርሰን ነበር፤
መድረሳችንን የምንለካበት አጣን እንጂ።»

በማግስቱ መጣች ሞዴል ሃያ ሁለት ሞልታ፦
ሁለት የዛገ በርሜል፣ አንድ የተሰበረ መብራት፣ ሽቦ፣
ከተወገደ ዕቃ። ፈረምኩላት።
ከቄራ አጥንት በጋሪ አስመጣች፣ አከሰለችው፤
ሰፈሩ ለሁለት ቀን አፍንጫውን ያዘ፣
ዲኑ አቤቱታ ሰማ፣ ዘበኛ ታዘዘ፤
እሷ ግን ከሰሉን ወቀጠች፣ በወንፊት ነፋች።
ተማሪዋ ቢሊሱማ፣ ከአሮጌ ስልክ ካሜራ፣
የቀለም መለኪያ ካርቶን ውስጥ ሠራ።
ከወንጂ የመጣ አንድ ጀሪካን ውኃ
በላይ ገባ፣ በታች ወጣ።
ሦስት ጊዜ ለካ።
ግድግዳው ላይ በጠመኔ፦ አንድ ነጥብ አራት።
ከሥሩ፣ በሌላ እጅ ጽሑፍ፦ የሚፈቀደው አንድ ነጥብ አምስት።

ሰኞ ካርቶኑን ታቅፋ መጣች፦ «ንብረት ይሁን።»
ስም፦ የቀለም መለኪያ። ብዛት፦ አንድ።
ዋጋው ላይ ሁለታችንም ዝም አልን።
የተሠራበት አገር፦ ብዕሬ ቆመ፣
ጀርመንን የለመደው እጄ አዘገመ።
ከዚያ ጻፍኩት፦ «አዳማ፣ ምድር ቤት፣ ክፍል ሰባት።»

ኦዲተሩ በቀይ ከበበው፦
«አዳማ አገር አይደለም። ይታረም።»
ልክ ነው ሰውየው፤ ከተማ ናት፣ ነፋስ የሚበዛባት።
አርማለሁ ነገ።
ዛሬ ግን ይቆይ፣
ቀለሙ ይድረቅ።